የልደት በዓልና ከቤት የቀረች እናት

በየዓመቱ ታኅሣሥ 29 ቀን፥ በዘመነ ዮሐንስም ታኅሣሥ 28 ቀን፥ ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን የጌታችንንና የመድኃኒታችንን የኢየሱስ ክርስቶስን ልደት ታከብራለች። ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ የተያዘው ጾመ ነቢያት የሚፈጸመው፥ በስብከት፥ በብርሃንና በኖላዊ ሰንበታት ስንጠባበቀው የሰነበትነው ተስፋም የሚገለጠው በዚህች ሌሊት ነው። ሊቃውንቱ በማኅሌት፥ ካህናቱ በቅዳሴ፥ ምእመናኑም በጸሎትና በእልልታ ሌሊቱን ቀን አድርገው ያነጋሉ። ስለ በዓሉ ክብር ብዙ ተጽፏል፥ ብዙም ተሰብኳል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ስለ ሌሎች ነው፤ ይኸውም በዚያች ሌሊት በቤት ስለሚቀሩት ነው። አራስ ሆና፥ ወይም ሕፃን ታቅፋ፥ ወይም የታመመ ልጅ እያስታመመች የደወሉን ድምፅ ከሩቅ የምትሰማ እናት ከበዓሉ ዕድል ፈንታ አላትን? ወይስ የዚያ ዓመት ልደት አልፏታል?

ጥያቄው ለተማረ ሰው ቀላል መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን በየአጥቢያው ብዙ ነፍሳት በዚህ ነገር ይጨነቃሉ፤ እኛም መምህራን ስለዚህ ነገር እምብዛም አንናገርም። ወደ ቤተ ክርስቲያን የመጣውን እናስተምራለን እንጂ ያልመጣው ስለ ምን እንዳልመጣ አንጠይቅም። ይህንም ጉዳይ ወደ ልባችን ያስገባው አንዲት የንስሓ ልጃችን የተናገረችው ቃል ነው።

ነገሩ የሆነው በደቡብ ጎንደር፥ በፎገራ ወረዳ፥ በቁሐር ሚካኤል ነው። የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ፥ ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች የሚያቋርጡት፥ አፈሩ ጥቁር ዋልካ የሆነ ሰፊ አገር ነው። በክረምት ውኃ ይተኛበታል። ቀድሞ በወተት ላሞቹ የታወቀ ነበረ፤ ሩዝ በ1970ዎቹ ዓመታት ወደዚያ ከገባ ወዲህ ግን በሩዙም ስሙ ተጠርቷል፥ ሩዙም ከጤፍ ጋራ ተደባልቆ እንጀራ ሆኖ ይበላል። ገበሬው ኅዳር 12 ቀን የቅዱስ ሚካኤልን በዓል አክብሮ በ3ኛው ቀን ጾሙን ይይዛል፤ ሩዙን አጭዶና ወቅቶ ወደ ጎተራ ሲያስገባ ልደት ይደርሳል።

ወረታም የመንገድ መለያያ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ከሚያልፈው መንገድ አንዱ በዚያ ተገንጥሎ ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል፤ በነፋስ መውጫም አልፎ ጋሸና ይደርሳል፥ ከጋሸናም ወደ ቅዱስ ላሊበላ ደብር ያስገባል። መንገዱ ሰላም በሆነበት ዘመን ሁሉ ልደትን በላሊበላ ለማክበር የሚሄዱ ምእመናን በታኅሣሥ ወር በዚህ በኩል ያልፋሉ። የጌታችን ልደትና የጻድቁ ንጉሥ የላሊበላ ልደት በአንድ ቀን በሚከበሩበት በዚያ ደብር፥ ካህናቱ በቤተ ማርያም ቤዛ ኵሉን ሲያዜሙ ለመስማት የሚመኝ ብዙ ነው። በዚያ ዓመትም ከአጥቢያው ሰዎች አያሌዎቹ ወደ ላሊበላ ሄደው ነበር፤ የቀሩትም በደብራቸው ማኅሌት ቆመው አደሩ።

የልደት ቅዳሴ ተፈጽሞ ሕዝቡ ሲሰናበት፥ ሚስቱ ከወለደች 3 ሳምንት የሆናት አንድ ገበሬ፥ ቤቱን እንድንባርክለት ለምኖን አብረን ሄድን። ቤቱ ተጠርጎ፥ ቄጤማ ተጎዝጉዞበት ነበር። እናቲቱ ከመደቡ ላይ ሴት ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ የ4 ዓመት ወንድ ልጇም ከጎኗ ተጠግቷል። እኛም «እንኳን ማርያም ማረችሽ፥ እንኳንም ለብርሃነ ልደቱ አደረሰሽ» አልናት። እርሷ ግን መስቀል ከተሳለመች በኋላ ዓይኗ እንባ ሞላና እንዲህ አለችን፦ «አባ፥ ዘንድሮስ ልደት አለፈኝ። ጾሙን ከእኩሌታው ላይ ተውሁት፤ ሌሊቱን አልቆምሁበት፤ ቅዳሴውንም አልሰማሁት። ደወሉ ሲደወል ይቺ ታለቅስ ነበር፤ እርሷን ሳባብል ነጋ። ሰው ሁሉ ጾሞና ቆሞ ሲፈስክ እኔ ምኑን እፈስካለሁ?»

እኛም እንደ ልማዳችን «ልጄ ሆይ፥ ግድ የለሽም፤ ለከርሞ ያድርስሽ» ብለን ልናልፍ ነበር። ነገር ግን ሕፃኑ ቀና ብሎ «አባ፥ የጌታ እናትም ገንፎ በላች?» ሲል ጠየቀን። እናቱ አፍራ «ዝም በል፥ አባ ፊት እንዲህ አይባልም» ብላ ልትገሥጸው ጀመረች። እኛ ግን «ተይው፥ ይጠይቅ» አልናት። ልጁ እናቱ አራስ ሆና ጎረቤቶች ገንፎ እያገነፉ ሲያበሏት አይቷል፤ ጌታ ዛሬ ተወለደ ሲባልም ሰምቷል። ስለዚህ ያየውንና የሰማውን አንድ አድርጎ ጠየቀ። «ልጄ፥ በዚያች ሌሊት በእንግዶች ማደሪያ ስፍራ ስላልነበራቸው በበረት አደሩ፤ ገንፎ የሚያበላቸው ሰው አልነበረም» አልነው። እርሱም ጥቂት አሰበና «ታዲያ ወደ እኛ ቤት ለምን አልመጡም? እኛ ቤት ገንፎ አለ» አለ።

ቤቱ ሁሉ ዝም አለ። እኛም ከዚያ ቤት ከወጣን በኋላ የእናቲቱን ጥያቄና የልጁን ቃል ስናወጣና ስናወርድ ሰነበትን። እንግዲህ ያገኘነውን ለአንባቢያን እናቀርባለን።

በመጀመሪያ በዓሉ ምን እንደ ሆነ እናስብ። አበው እንደሚያስተምሩን ለወልደ እግዚአብሔር ሁለት ልደታት አሉት። ቀዳማዊው ያለ እናት ከአብ የተወለደው፥ ቅድመ ዓለም የሆነው ነው። ደኃራዊው ያለ አባት ከእመቤታችን ከቅድስት ድንግል ማርያም የተወለደው፥ ድኅረ ዓለም የሆነው ነው። እኛ የምናከብረው ይህን ሁለተኛውን ነው። ይህ ልደት የተፈጸመው በወዴት ነው ቢሉ፥ በኢየሩሳሌም መቅደስ ካህናት ሲያጥኑ በነበሩበት ስፍራ አይደለም፤ በቤተ ልሔም በከብቶች በረት ነው። በዚያች ሌሊት ማን ነበረ ቢሉ፥ ሕፃን የታቀፈች እናት፥ ጠባቂዋ አረጋዊ ዮሴፍ፥ መንጋቸውን ሲጠብቁ የነበሩ እረኞች፥ ከሰማይም መላእክት ነበሩ። እንስሳትም በእስትንፋሳቸው እንዳሟሟቁት አበው ያስተምሩናል። እረኞቹ እንኳ የመልአኩን ቃል ሰምተው ሲገሰግሱ ያገኙት ምልክት በጨርቅ የተጠቀለለ ሕፃን ነበር (ሉቃ. 2፥12)። እንግዲህ የመጀመሪያዪቱ የልደት ሌሊት የአንዲት እናትና የአንድ ሕፃን ሌሊት ሆና ሳለ፥ ሕፃን ታቅፋ ያደረች እናት ከዚህች ሌሊት ዕድል ፈንታ የላትም ማለት እንዴት ይቻላል?

ይህን ስንል የእመቤታችንን መውለድ ከሌሎች ሴቶች መውለድ ጋራ ማስተካከላችን አይደለም። እርሷ በኅቱም ድንግልና፥ ያለ ዘርዐ ብእሲ፥ ያለ ምጥ ወልዳለች፤ ይህ ለእርሷ ብቻ የተሰጠ ነው። ነገር ግን ልጇን በጨርቅ መጠቅለሏ፥ ጡቷን ማጥባቷ፥ በብርዱ ሌሊት ማቀፏ እናቶች ሁሉ የሚያውቁት ሥራ ነው። እርሷ በዚህ ሥራ እግዚአብሔርን አገለገለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ይህ ሥራ የከበረ እንጂ የተናቀ አይደለም።

ከዚህም በላይ የሚያስደንቅ ነገር አለ። እመቤታችን ርኵሰት የሌለባት ንጽሕት ስትሆን፥ በኦሪት የታዘዘውን የመውለድ ሥርዓት ጠብቃ 40 ቀን እስኪፈጸም ወደ መቅደስ አልሄደችም (ሉቃ. 2፥22፤ ዘሌ. 12)። ከዚያም በኋላ ልጇን ይዛ ወጣች፤ የድኆችን መሥዋዕት አቀረበች፥ አረጋዊው ስምዖንም ሕፃኑን ታቀፈው። ይህንም ቤተ ክርስቲያን የካቲት 8 ቀን ታከብረዋለች። በእኛም ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40 ቀን፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ ለዚህም መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40 ቀን፥ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት መግባታቸውን ምክንያት አድርጎ ያስተምረናል። እናቲቱም እስከዚያ ከቤት ትቆያለች። ይህ የሥርዓትና የመጠበቅ ጊዜ ነው እንጂ የመጣል ምልክት አይደለም። ስለዚህ አራስ ሆና የልደትን ሌሊት በቤት ያሳለፈች ሴት ከእመቤታችን ጋራ ቀኗን እየቈጠረች ትጠብቃለች። ማኅሌቱ ቢያልፋት እመቤታችንን መምሰል አላለፋትም።

በብሉይ ኪዳንም ለዚህ ጉዳይ የሚስማማ ታሪክ እናገኛለን። ሕልቃና የሚባል ሰው በየዓመቱ መሥዋዕት ለማቅረብ ከቤተ ሰቡ ጋራ ወደ ሴሎ ይወጣ ነበር። ሚስቱ ሐና መካን ነበረችና በእንባ ለምና ሳሙኤልን ወለደች። በዚያ ዓመት ሕልቃና ወደ በዓሉ ሲወጣ ሐና ግን አልወጣችም፤ ልጁ ጡት እስኪተው በቤት እንደምትቆይ፥ ከዚያም በእግዚአብሔር ፊት እንደምታቀርበው ለባሏ ነገረችው። ባሏም አልተቈጣትም፤ ደስ ያሰኛትን እንድታደርግ ፈቀደላት (1ኛ ሳሙ. 1፥21-23)። መጽሐፍ ሐናን ከበዓል የቀረች ብሎ አልወቀሳትም። ምሥጢሩ ምንድር ነው ቢሉ፥ ለእግዚአብሔር የተሳለችውን ልጅ ማጥባት ራሱ የስእለቷ መጀመሪያ ስለ ሆነ ነው። ያን ልጅ በቤት ባታጠባው ኖሮ በሴሎ የሚያገለግል ሳሙኤል ከወዴት ይገኝ ነበር?

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት ልንሰውር አይገባንም። ገና ወጣት ካህን በነበርንበት ጊዜ፥ አንድ የንስሓ ልጃችን በልደት ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ቀረ። እኛም በማግሥቱ ሰው በተሰበሰበበት አግኝተን «እረኞች መንጋቸውን ትተው ሲሄዱ አንተ እንቅልፍህን መተው አቃተህን?» ብለን ገሠጽነው። ሰውዬው አንገቱን ደፋ እንጂ አንድ ቃል አልመለሰም። ኋላ ከጎረቤቱ እንደ ሰማነው፥ በዚያች ሌሊት ታናሹ ልጁ በወባ ትኩሳት ተይዞ ነበር፤ ሚስቱም ሌላውን ሕፃን ይዛ ስለ ነበረ፥ አባቱ የታመመውን ተሸክሞ በጨለማ ወደ ሕክምና ቤት ሲገሰግስ አድሯል። ልጁ በእግዚአብሔር ቸርነት ዳነ። አባቱ ግን 3 ዓመት ሙሉ ወደ እኛ ለንስሓ አልመጣም። ይቅርታ ጠየቅነው፥ እርሱም ይቅር አለን፤ ነገር ግን እነዚያን 3 ዓመታት ማን ይመልስለታል? ሳንጠይቅ የፈረድነው ፍርድ አንዱን ነፍስ ከመድኃኒቱ አራቀው።

ጌታችን ስለ ሰንበት ከፈሪሳውያን ጋራ ሲነጋገር፥ በሬው በጕድጓድ የወደቀበት ሰው በሰንበት ቀን ሳይዘገይ እንደሚያወጣው አስረድቷቸዋል (ሉቃ. 14፥5)። በሬው ከወደቀበት ይልቅ ልጁ የታመመበት እንዴት አይበልጥ? እንዲያውም እረኞቹ ራሳቸው መልአኩ ሲገለጥላቸው ምን ሲያደርጉ ተገኙ? በሌሊት መንጋቸውን ሲጠብቁ ተገኙ። መልአኩ ተኝተው አላገኛቸውም፤ መንጋውንም ጥለው ሌላ ስፍራ ሲዞሩ አላገኛቸውም። የተሰጣቸውን ሲጠብቁ የምሥራቹ መጣላቸው። ልጁን ሲያስታምም ያደረው አባትም የተሰጠውን መንጋ ሲጠብቅ አደረ እንጂ ተኝቶ አላደረም።

ነገር ግን አንድ ሰው ይህን ሁሉ አንብቦ «እንግዲያስ ቤቴ ቤተ ክርስቲያኔ ከሆነ በታኅሣሥ ብርድ ስለ ምን እቆማለሁ?» ይል ይሆናል። ይህ ታላቅ ስሕተት ነው፤ የተናገርነውንም ማጣመም ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ቤተ ሰብን ታናሽ ቤተ ክርስቲያን አድርጎ አስተምሯል፤ ቅዱስ ጳውሎስም በጵርስቅላና በአቂላ ቤት ለምትሰበሰብ ቤተ ክርስቲያን ሰላምታ ልኳል (ሮሜ 16፥5)። ዳሩ ግን ታናሺቱ ከታላቂቱ የምትወለድና በእርሷ የምትመገብ ናት፤ ያለ እርሷ አትኖርም።

ይህን በቤተ ልሔም ስም ልናስተውለው እንችላለን። ቤተ ልሔም ማለት የእንጀራ ቤት ማለት ነው። ጌታችን የሕይወት እንጀራ ነውና በእንጀራ ቤት ተወለደ። ስለዚህ በየደብሩ ለቅዳሴ የሚሆነው ኅብስት የሚዘጋጅበት ቤት ቤተ ልሔም ይባላል። በዚሁ በደቡብ ጎንደር፥ በጋይንት ያለችው የድጓ ምስክር ቤትም በዚሁ ስም ተጠርታለች፤ በዚያ የሚቀርበው እንጀራ የዜማ ትምህርት ነው። የእናትም ጓዳ በመጠኑ የእንጀራ ቤት ነው፤ ልጆች ከዚያ ይመገባሉ። ነገር ግን በጓዳ የሚጋገረው እንጀራ ሥጋን ይመግባል እንጂ ሥጋ ወደሙ ሊሆን አይችልም። ልጆቻችን ከተጠመቁባት ቀን ጀምሮ ቅዱስ ቊርባን እንዲቀበሉ ቤተ ክርስቲያን ስትፈቅድላቸው፥ ከዚህ ማዕድ ማስቀረት ማስራብ ነው።

እንግዲህ በግድ የቀረውንና በስንፍና የቀረውን በምን እንለያቸዋለን? ሐና ትለይልናለች። ሐና በቤት ብትቀር ልቧ በሴሎ ነበር፤ ጊዜው ሲደርስም ልጇን፥ ወይፈን፥ ዱቄትና ወይን ይዛ ወጣች (1ኛ ሳሙ. 1፥24)። በግድ የቀረ ሰው ያዝናል፥ ይናፍቃል፥ ጊዜው ሲፈቅድለትም ይሮጣል። በስንፍና የቀረ ሰው ግን ማመካኛ ባገኘ ጊዜ ደስ ይለዋል። ያቺ እናት ልደት አለፈኝ ብላ ማልቀሷ ልደት እንዳላለፋት ምስክር ነው። በዘመናችን ማኅሌቱና ቅዳሴው በቴሌቪዥን ይተላለፋል። ይህ ለታመመ፥ ለአራስና ደብር ርቆት በባዕድ አገር ለሚኖር ታላቅ መጽናኛ ነው፤ ጤናና ጊዜ ላለው ሰው ግን ከመከዳ ላይ ሆኖ መመልከት ቆሞ ማስቀደስን ሊተካ አይችልም።

አሁን ደግሞ ስለ ሕፃናቱ እንናገር። ወላጆች በልደት ቀን ለልጆቻቸው ምን ይገባቸዋል? ብዙ ሰው አዲስ ልብስና የተትረፈረፈ ማዕድ ይላል። በከተማም ሰው ሠራሽ ጥድ ማቆም፥ በሚብለጨለጭ መብራት ማስጌጥ፥ ቀይ ልብስ የለበሰውን የገና አባት ማሳየት እየተለመደ ነው። የዚያ ሽማግሌ ታሪክ ሲመረመር በ4ኛው መቶ ዘመን የሜራ ጳጳስ ከነበረው ከቅዱስ ኒቆላዎስ ምጽዋት የተነሣ ነበር፤ ነገር ግን ንግዱ ምጽዋቱን ሸፍኖታል። እኛ ዛፍ ማቆም ራሱ ኃጢአት ነው ብለን ልንፈርድ አልተነሣንም፤ ሳንጠይቅ መፍረድን አንድ ጊዜ ቀምሰነዋልና። የምንጠይቀው ይህን ነው፦ ከዚያ መብራት በታች የቆመው ልጅ ማን እንደ ተወለደ ያውቃልን? ደግሞስ ድኃው አባት እንደ ጎረቤቱ ለመምሰል ተበድሮ በሬ ቅርጫ ቢገባ፥ የበዓሉ ደስታ ከዕዳው ይተርፋልን?

እግዚአብሔር እስራኤልን ከግብጽ ባወጣ ጊዜ ፋሲካውን በየቤታቸው እንዲበሉ አዘዛቸው፤ ልጆቻቸው ይህ ሥርዓት ምንድር ነው ብለው ሲጠይቋቸውም እንዲመልሱላቸው ነገራቸው (ዘፀ. 12፥26-27)። ልብ እንበል፤ ሕጉ ልጁ እንደሚጠይቅ አስቀድሞ ዐውቆ ለጥያቄው በበዓሉ ውስጥ ስፍራ አደረገለት። በእኛ ቤት ግን ልጅ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ ዝም በል ይባላል። ከላይ እንደ ተናገርነው የዚያ ሕፃን እናት ልትገሥጸው የጀመረችው ከአክብሮት የተነሣ ነው፤ ሆኖም ጥያቄው ቢከለከል ኖሮ እኛ ራሳችን ያን ትምህርት ባጣነው ነበር። ቅዱስ ጢሞቴዎስ እምነቱን የተቀበለው ከአያቱ ከሎይድና ከእናቱ ከኤውንቄ ነው (2ኛ ጢሞ. 1፥5)። ከእነዚህ ሴቶች የሰማው በቤት እንጂ በዐውደ ምሕረት አልነበረም።

ስለዚህ በሚከተሉት ነገሮች ምእመናንን እንመክራለን። አንደኛ፥ ባልና ሚስት በበዓል ሌሊት ሸክሙን ይካፈሉ። ከእናትየዋ የክርስትና ቀን በኋላ በሚመጣው በዓል ባል ልጆቹን ይዞ ሚስት ታስቀድስ፤ አያት ወይም ጎረቤት ካለችም ሁለቱን ትርዳ። ሁልጊዜ አንዱ ቆሞ፥ ሁልጊዜ አንዱ ቀርቶ አይሁን። ሁለተኛ፥ በቤት የቀረው ደወሉን ሲሰማ፥ ቢችል ቆሞ፥ ባይችል ተቀምጦ የሚያውቀውን ጸሎት ያድርስ፤ አቡነ ዘበሰማያት ብቻ ቢሆንም ይበቃል። ሦስተኛ፥ ማዕዱ ሳይቀርብ በፊት አባት ወይም እናት የልደቱን ነገር ልጆቹ በሚገባቸው ቃል ይንገሩ። የገበሬ ልጅ በረትን ያውቃል፥ ጥጃንም ያውቃል፤ ከእረኞች የወረሰውን የገና ጨዋታም በሜዳው ሲጫወት ይውላል። እንግዲህ በሚያውቀው ይጀመርለት። አራተኛ፥ ለእኛ ለካህናት፤ ያልመጣውን ከመገሠጻችን በፊት ቤቱ ሄደን እንጠይቅ።

አምስተኛውን የተማርነው ከሕፃኑ ነው። እርሱ ወደ እኛ ቤት ለምን አልመጡም ብሎ ነበር። ወንጌል ግን ወደ ቤታችን እንደሚመጡ ይነግረናል። ጌታችን ከታናናሾች ለአንዱ የተደረገው ለእርሱ እንደ ተደረገ ተናግሯልና (ማቴ. 25፥40)፥ በየአጥቢያው ባል የሞተባት፥ ዘመድ የሌላት፥ ከቀዬዋ ተፈናቅላ በሰው ቤት የወለደች አራስ አለች። በእንግዶች ማደሪያ ስፍራ ያጣችው እርሷ ናት። በልደት ቀን ከምናርደው ሥጋ፥ ከምንጠምቀው ጠላ አስቀድመን ለእርሷ ገንፎ አገንፍተን፥ ቅቤ አድርገን፥ በልጆቻችን እጅ ብንልክላት፥ ልጆቻችን ልደት ምን እንደ ሆነ ከብዙ ስብከት ይልቅ በዚያ መንገድ ይማራሉ። ወደ ላሊበላ መሄድ ያልተቻለው ሰውም እስከዚያች ቤት መሄድ አይሳነውም።

ያቺ እናት በ80ኛው ቀን ሴት ልጇን ታቅፋ፥ ወንዱን ልጅ በእጇ ይዛ ወደ ቤተ ክርስቲያን መጣች። ሕፃኒቱ ተጠመቀች፥ ቅዱስ ቊርባንም ተቀበለች። ልጁ እኛን ባየ ጊዜ ሮጦ መስቀል ተሳለመና፥ ልደት ካለፈ በኋላ ከእናቱ ጋራ ለአንዲት ችግረኛ አራስ ገንፎ እንደ ወሰዱ ነገረን። እናቲቱም ፈገግ ብላ «አባ፥ ከእናንተ መሄድ በኋላ አላስቀምጥ አለኝ፤ እኔ መውጣት ባልችል ከእህቴ ጋራ ላክሁት፤ ከእናቴ ጋራ ወሰድን የሚለው ራሴ ስላገነፋሁት ነው» አለችን። እኛም ልደት አለፈኝ ያለችው እናት ልደቱን ከሁላችን አስቀድማ እንዳከበረችው ዐወቅን።

ስለ እኛ በበረት የተወለደ አምላክ በቤት የቀሩትን እናቶች ያጽናናልን፤ የታመሙትን ሕፃናት ይማርልን፤ ቤታችንን የእርሱ ማደሪያ ያድርግልን። የእመቤታችን አማላጅነት፥ የቅዱስ ሚካኤል ጥበቃ አይለየን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።